ስለ ዝሆን የተጻፉ መጻሕፍት፦ ለክረምቱ ንባባችን የትኞቹን እንምረጥ?

የፒያሳ አንባቢ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ እየተገናኘን መጽሐፍ የምናነብ ጓደኛሞች ነን። ክረምት ሲገባ አንድ ጉዳይ እንመርጥና መስከረም እስኪጠባ ድረስ በዚያው ዙሪያ እናነባለን። የዘንድሮው ጉዳያችን ዝሆን ነው።

ነገሩን ያስነሣው ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመው፣ ስለ አንድ ዝሆን መገደል የሚተርክ አጭር ድርሰት ነው። አንዱ ጓደኛችን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች በገዛው ስብስብ ውስጥ አገኘነው። ተራኪው በርማ ውስጥ የእንግሊዝ ፖሊስ ነው። ሰንሰለቱን የበጠሰ ዝሆን ከተማውን አውኮ ሰው ገድሏል። ፖሊሱ ጠመንጃ ይዞ ሲደርስ ግን ዝሆኑ ቁጣው በርዶለት በሰላም ሣር ይበላል። ሰውየው የመተኮስ ሐሳብ የለውም። ከኋላው ከሁለት ሺህ የማያንስ ሕዝብ ቆሞ ይጠብቀዋል። መሳቂያ እንዳይሆን ሲል ተኮሰ።

ከእኛ መካከል ብዙዎቹ «ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ቅኝ ግዛት ነው፤ ዝሆኑ ሰበብ ነው» አሉ። እኔ አልተስማማሁም። ዝሆኑ በመጀመሪያው ጥይት አልሞተም። ደራሲው አተነፋፈሱን፣ አወዳደቁን፣ ነፍሱ እስክትወጣ የወሰደውን ረጅም ጊዜ ሳይሸሽ ይነግረናል። ያ ሥቃይ የእውነተኛ እንስሳ ሥቃይ ባይሆን ኖሮ የምሳሌውን ክብደት ማን ይሸከመው ነበር? እንስሳውን ልብ ብሎ ያላየ ደራሲ ዝሆንን ምሳሌ ሊያደርገው አይችልም ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛም አገር ዝሆን የገደለ ሰው በፉከራ ስሙ ይነሣ፣ ጆሮው ላይም የወርቅ ሎቲ ያደርግ ነበር። የኦርዌል ፖሊስ እንዳይዋረድ ገደለ፤ የእኛው አዳኝ እንዲከበር ገደለ። ሁለቱንም ቃታ ያሳባቸው «ሰው ምን ይለኛል» ነው። በዚህ ዓይን ስለ ዝሆን የተጻፉ መጻሕፍትን ማንበብ እንፈልጋለን። ልቦለድ፣ ታሪክ፣ ሳይንስ፣ የሃይማኖት መጽሐፍ ቢሆን ግድ የለም። ምን ትላላችሁ?

ወመዘክር ዳር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ሮማን ጋሪ የጻፈውን «የሰማይ ሥሮች» እንዳትዘሉት። እ.ኤ.አ. በ1956 የፈረንሳይን የጎንኩር ሽልማት ያገኘ ልቦለድ ነው። ሞሬል የሚባለው ዋናው ገጸ ባሕርይ ፈረንሳዮች ይገዙት በነበረው ቻድ የዝሆን አደንን ለማስቆም ይነሣል። ይህ ሰው ከዚያ በፊት በናዚ ካምፕ ታስሮ ሳለ በሕይወት የቆየው፣ በሰፊ ሜዳ ላይ የሚሮጡ ዝሆኖችን በዓይነ ኅሊናው እያየ ነበር።

የእናንተ ክርክር እዚያ ልቦለድ ውስጥ አለ። ሹማምንቱም፣ ጋዜጠኞቹም፣ ለነጻነት የሚታገሉትም ዝሆኖቹን የየራሳቸው ምሳሌ ያደርጓቸዋል። ሞሬል ግን የሚለው ስለ ዝሆኖቹ ስለራሳቸው ነው። ማንም አያምነውም። ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ መካከሉ ላይ ይጎተታል፤ ግን ታገሡት።

ግዕዝ ተማሪ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

የፒያሳው ወንድሜ፣ ሐሳብዎን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ተቃውሞ አለኝ፤ ተቃውሞዬም ከራሳችን ቤት የወጣ ነው።

«ፊሳልጎስ» የሚባል ጥንታዊ የግዕዝ መጽሐፍ አለ። ከግሪክ የተተረጎመ ሲሆን እንስሳትን፣ ዕፅዋትንና ድንጋዮችን እያነሣ በምሳሌ ያስተምራል። ጀርመናዊው ሊቅ ፍሪትዝ ሆመል የግዕዙን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1877 አሳትሞታል። በዚህ መጽሐፍ ትውፊት ዝሆን ጉልበቱ መገጣጠሚያ የለውም። ተኝቶ መነሣት ስለማይችል ዛፍ ተደግፎ ያንቀላፋል። አዳኙ ይህን አውቆ ዛፉን አስቀድሞ በመጋዝ ከፊሉን ይቆርጠዋል። ዝሆኑ መጥቶ ሲደገፍ ከዛፉ ጋር ይወድቅና ይጮኻል። አንድ ትልቅ ዝሆን መጥቶ ሊያነሣው ይሞክራል፤ ያቅተዋል። 12 ዝሆኖች ይመጣሉ፤ እነርሱም ያቅታቸዋል። በመጨረሻ አንድ ትንሽ ዝሆን ይመጣና ኩምቢውን ከሥሩ አስገብቶ ያነሣዋል።

ትርጓሜው ይህ ነው፦ የወደቀው አዳም ነው። ትልቁ ዝሆን ኦሪት፣ 12ቱ ነቢያት ናቸው። ትንሹ ራሱን ዝቅ ያደረገው ክርስቶስ ነው።

የዚህ ታሪክ ጸሐፊ ዝሆንን በቅርብ እንዳላየ ግልጽ ነው። ምሳሌው ግን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሰው አጽናንቷል። ስለዚህ ምሳሌ የሚጸናው በእንስሳው እውነት ሳይሆን በሚያስተምረው ነገር እውነት ነው እላለሁ።

የሥነ ሕይወት መምህርት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ጉልበት የለውም መባሉ ስሕተት ነው። ዝሆን ጉልበት አለው፤ ይንበረከካል፤ ይተኛልም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ቦትስዋና ውስጥ ሁለት የመንጋ መሪ ዝሆኖችን ተከታትሎ፣ በቀን በአማካይ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ እንደሚያንቀላፉ፣ ይህንንም አብዛኛውን ጊዜ ቆመው እንደሚያደርጉት፣ በየሦስትና አራት ቀኑ ግን ጋደም እንደሚሉ አሳይቷል። ቆሞ ሲያንቀላፋ ያየው ሰው «መተኛት አይችልም» ብሎ ቢደመድም አይገርመኝም።

ግን ግዕዝ ተማሪ፣ ያቀረቡት ታሪክ ሌላው ግማሽ እውነት ነው! እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ሳምቡሩ ውስጥ ኤሌኖር የሚል ስም የተሰጣት የመንጋ መሪ ዝሆን ወደቀች። ግሬስ የምትባል የሌላ ቤተሰብ መሪ ሮጣ ደርሳ በጥርሷ ደግፋ አነሣቻት። ኤሌኖር እንደገና ወደቀች። ግሬስ እያጓራች ደጋግማ ሞከረች። ኤሌኖር ከሞተች በኋላም የተለያዩ ቤተሰቦች ዝሆኖች ለቀናት ወደ ሬሳዋ እየመጡ ጎበኟት። ይህን ኢየን ዳግላስ ሃሚልተንና ባልደረቦቹ መዝግበው አሳትመውታል። እንግዲህ የ«ፊሳልጎስ» ምንጭ የሆነው ሰው ወይም ለእርሱ የነገረው አዳኝ፣ ዝሆን የወደቀ ወገኑን ለማንሣት እንደሚታገል ያውቅ ነበር ማለት ነው። ምሳሌው የቆመው በዚያ እውነት ላይ ነው። የፒያሳው አንባቢ ልክ ናቸው።

ለንባባችሁ ሁለት መጻሕፍት እጠቁማለሁ። አንደኛው ሲንቲያ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመችው «የዝሆን ትዝታዎች» ነው። ከ1972 ጀምሮ በኬንያ አምቦሴሊ ዝሆኖችን አንድ በአንድ፣ በስማቸው፣ በጆሯቸው ቅርጽ እየለየች ተከታትላለች። ስታነቡት የቤተሰብ ታሪክ የምታነቡ ይመስላችኋል፤ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ድርቅ፣ ልደት፣ ሞት። ዝሆን የሚያረግዘው 22 ወር ነው፤ አንድ ግልገል በድርቅ ስትሞት ምን ያህል ዓመት እንደባከነ መጽሐፉ ያሳያል።

ሁለተኛው ኬቲ ፔይን እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመችው «ጸጥተኛው ነጎድጓድ» ነው። ፔይን ቀድሞ የዓሣ ነባሪዎችን ዜማ ታጠና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ ዝሆኖች አጠገብ ቆማ፣ ምንም ሳትሰማ አየሩ ደረቷ ላይ ሲርገበገብ ተሰማት። በልጅነቷ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ሆና የትልቁ ኦርጋን ወፍራም ቱቦዎች ሲነፉ የተሰማት ዓይነት ነው። ከባልደረቦቿ ጋር ቀርጸው ሲመረምሩት ዝሆኖች ከሰው ጆሮ መስማት ወሰን በታች በሆነ ድምፅ እንደሚነጋገሩ ታወቀ። ይህ ድምፅ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ተማሪዎቼ ፊት ይህን ስናገር ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ደግሞም «ዝሆን አይረሳም» የሚባለው ከንቱ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ታንዛንያ ታራንጊሬ ላይ ብርቱ ድርቅ ነበር። ከፓርኩ ወጥተው ሌላ ቦታ ውኃና ሣር የፈለጉት ቤተሰቦች ግልገሎቻቸውን በተሻለ አትርፈዋል። ተመራማሪዎቹ የሚገምቱት፣ ከዚያ በፊት ከ30 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የነበረውን ድርቅ ያዩ አሮጊት መሪዎች መንገዱን እንዳስታወሱ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ የት እንደሚኬድ የምታውቅ አያት ያለችው ቤት ማለት ይህ ነው። እንግዲህ ለጥርሷ ትልቅነት ብሎ አሮጊቷን የሚገድል አዳኝ ምን እንደሚገድል አስቡት።

የፒያሳ አንባቢ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

መምህርት፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለቱም መጻሕፍት ገብተዋል። ግዕዝ ተማሪ፣ «ፊሳልጎስ»ን አንብበው የሚያስረዱን ከሆነ አንድ ቅዳሜ ሙሉውን ለእርስዎ እንሰጣለን። ከግሬስ ታሪክ ጋር ጎን ለጎን መነበብ አለበት።

የበኒን ሰፈር ልጅ
ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡20

አሰላሙ አለይኩም። ስለ ዝሆንና መጽሐፍ ተነሥቶ ቁርኣን ሳይነሣ እንዳይቀር ብዬ ነው። 105ኛው ምዕራፍ ሱረቱል ፊል፣ የዝሆኑ ምዕራፍ ነው። አምስት አንቀጽ ብቻ ናት፤ ልጆች ሆነን ቀድመን ከምንሸመድዳቸው አንዷ ናት። አብርሃ ከየመን ዝሆን አሰልፎ ካዕባን ሊያፈርስ እንደዘመተ፣ አላህ ወፎችን ልኮ ሠራዊቱን በድንጋይ እንደመታው ተፍሲሮች ያብራራሉ። በትውፊቱ ዝሆኑ መሕሙድ ይባላል። ወደ መካ ሲያዞሩት ተንበረከከ፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያዞሩት ግን ተነሥቶ ሄደ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የተወለዱበት ዓመት የዝሆን ዓመት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በተለምዶ እ.ኤ.አ. 570 አካባቢ ይባላል።

አብርሃ ማን ነበር? ከአክሱም ንጉሥ ከካሌብ ሠራዊት ጋር ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በኋላ በየመን ራሱን ያነገሠ ሐበሻ ነው። እ.ኤ.አ. የ552 ዘመቻውን የሚናገር በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፉ ዐረቢያ ውስጥ ተገኝቷል። ስለዚህ ይህ ታሪክ የእኛም ታሪክ ነው። እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚነካኝ ግን ዝሆኑ ነው። ሠራዊቱ ሁሉ ወደፊት ሲል አልሄድም ያለው እርሱ ብቻ ነበር። የኦርዌል ፖሊስ ያጣውን ድፍረት ያ ዝሆን አገኘው።

የፒያሳ አንባቢ
ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡45

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርዎ ለብቻው አንድ ቅዳሜ ያወያየናል።

የአዱሊስ መንገድ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡00

አብርሃና ካሌብ ከተነሡ የዘመኑን ምስክሮች ልጨምር። ኮስማስ የሚባለው የግብፅ ነጋዴ፣ ካሌብ ወደ የመን ሊዘምት በሚሰናዳበት ጊዜ አዱሊስ ወደብ ላይ ነበር። እዚያ በድንጋይ የተቀረጸ አንድ የግሪክ ጽሑፍ እንዲገለብጥ ተጠይቆ ገልብጦ፣ «የክርስቲያን ምድር ገለጻ» በሚባለው መጽሐፉ አቆየልን። ጽሑፉ የግብፁ ሦስተኛ ጰጥሊሞስ ከዚህ አካባቢ የታደኑ ዝሆኖችን ለጦርነት እንዳሰለጠነ ይናገራል። ድንጋዩ ዛሬ የለም፤ የቀረን በነጋዴው እጅ የተገለበጠው ብቻ ነው።

በዚያው 6ኛው መቶ ዘመን የቢዛንታይን መልእክተኛ ኖኖሶስ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲጓዝ አምስት ሺህ የሚጠጉ ዝሆኖች በአንድ ሜዳ ሲግጡ አይቻለሁ ብሏል። ቁጥሩን ቢያበዛውም እንኳ መንጋው ብዙ ነበር። ዛሬ በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ዝሆን አያይም።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ግን መቅደላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ጄኔራል ናፒዬር ከሕንድ 44 ዝሆኖች አምጥቶ ከባድ መድፎቹን አስጭኖ ተራራ ወጣ። አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ መቅደላ ሲዘረፍ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ምርኮውን ተሸክመው ደላንታ ሜዳ አደረሱት፤ እዚያም በሐራጅ ተሸጠ። ከተወሰደው መካከል የብራና መጻሕፍት ነበሩ፤ 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን በእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እናንተ ስለ ዝሆን የተጻፉ መጻሕፍትን ስትፈልጉ፣ እኔ በዝሆን ተጭነው የሄዱትን መጻሕፍት አስባለሁ። ክሌመንትስ ማርክሃም ከዘመቻው ጋር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1869 ያሳተመውን የዘመቻ ታሪክ አንብቡት። የአሸናፊ መጽሐፍ መሆኑን ግን አትርሱ።

ግዕዝ ተማሪ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡25

ቴዎድሮስ እነዚያን ብራናዎች የሰበሰቡት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነበር። ዛሬ አንድ የኢትዮጵያ ተማሪ የአያቶቹን መጽሐፍ ለማንበብ የለንደን ቪዛ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጉዳይ ተረጋግቼ መጻፍ አልችልም።

የኤረር ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ሁላችሁንም በትዕግሥት አነበብኳችሁ። በርማ፣ ቻድ፣ አምቦሴሊ፣ አዱሊስ አላችሁ። ባቢሌ ያለ ሰው አላየሁም።

ዛሬ ካዛንቺስ ብኖርም ተወልጄ ያደግሁት ከባቢሌ ብዙም ሳይርቅ ነው። የባቢሌ የዝሆን መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ፣ ወደ ሰባት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 560 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ቦታ ነው። ዝሆኖቹ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ይመላለሳሉ፤ በለስ ቁልቋል ከነእሾሁ ሲበሉ አይቻለሁ። መጽሐፍ ላይ ያለው ዝሆን ጥበበኛ፣ ርኅሩኅ፣ የማይረሳ ነው። እውነት ነው። ሌሊት ማሽላ ውስጥ የገባው ዝሆን ግን የአንድ ቤተሰብን የዓመት ቀለብ ጎሕ ሳይቀድ ጨርሶ ይሄዳል። አባቴ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ማሳ ሲጠብቅ አድሯል። ጎረቤታችን ምርቱን በሙሉ ካጣ በኋላ ማንም መጥቶ «እንዴት ከረምክ?» አላለውም።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2015 እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ውስጥ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ ተቃጥሏል። ተገቢ ነበር፤ ደግፌዋለሁ። ነገር ግን የዝሆን ዋጋ ጥርሱ ብቻ እንዳልሆነ የምታምኑ ከሆነ ዋጋውን ማን እየከፈለ እንደሆነም ጠይቁ። የምትመርጧቸው መጻሕፍት ሁሉ ዝሆንን ከሚወድ ሰው ወይም ከሚገድል ሰው ወገን የተጻፉ ናቸው። ከዝሆን ጋር ወሰን ከሚጋራ ገበሬ ወገን የተጻፈ አንድ እንኳ የለም።

ወመዘክር ዳር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ያነሡት ነጥብ ከባድ ነው። በሮማን ጋሪ ልቦለድ ውስጥ ዋይታሪ የሚባል አፍሪካዊ ፖለቲከኛ አለ፤ ዝሆን የኋላ ቀርነታችን ምልክት ነው፣ እኛ የምንፈልገው እድገት ነው የሚል ዓይነት ሰው። ስታነቡት ግማሽ ልባችሁ ከእርሱ ጋር ይሆናል። ሆኖም እርሱም ቢሆን ማሳ አይጠብቅም። ገበሬው እዚያም የለም።

የሥነ ሕይወት መምህርት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ወንድሜ፣ የተናገሩትን አንድም ቃል አልቃወምም። የመጠለያው ሰፊ ክፍል እንደታረሰና እንደሰፈረበት እርስዎም ያውቃሉ፤ ዝሆኑ የሚሄድበት የጥንት መንገድ ላይ ማሽላ ሲያገኝ ያንን አጥር አያውቀውም። ሁለቱም ወገን የሚሄዱበት አጥተዋል። በአንዳንድ የኬንያ መንደሮች በማሳ ዙሪያ የንብ ቀፎ በገመድ አያይዘው ያንጠለጥላሉ፤ ዝሆን ንብ ስለሚፈራ ገመዱን ነክቶ ቀፎው ሲናወጥ ይመለሳል። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ማር ግን ይገኝበታል። ማር የሚወድ አገር ይህን መሞከር አለበት።

የሁለት ልጆች እናት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ይቅርታ፣ ከከባዱ ውይይት ላወጣችሁ ነው። የሰባትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች አሉኝ። ቅዳሜ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እወስዳቸዋለሁ። ስለ ዝሆን ምን ላንብብላቸው? «ባባር» እንዴት ነው?

ወመዘክር ዳር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡05

ዣን ደ ብሩኖፍ እ.ኤ.አ. በ1931 ያሳተመው «ባባር» ሥዕሉ እጅግ ያማረ ነው። ሆኖም መጀመሪያው ላይ አዳኝ እናቱን ይገድላል፤ ባባር ወደ ከተማ ይሸሻል፤ ሙሉ ልብስ ይለብሳል፤ ከዚያ ወደ ዱር ተመልሶ ይነግሣል። መሠልጠን ማለት የአውሮፓ ልብስ መልበስ ነው የሚል መልእክት አለው፤ ከልጆቹ ጋር ተነጋገሩበት እንጂ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ከኪፕሊንግ እ.ኤ.አ. የ1902 ተረቶች መካከል አዞ አፍንጫውን ጎትቶ ኩምቢ ያበጀለት የጠያቂው ግልገል ዝሆን ታሪክ ለልጅ ይመቻል። ብዙ ስለጠየቀ የሚገረፍ ልጅ ነው፤ መጠየቁ ግን አተረፈው።

የአዱሊስ መንገድ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡50

እህቴ፣ የጃምቦን ታሪክም ይንገሯቸው። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ዝሆን ከእኛው ሰፈር ነው የተያዘው፤ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ፣ ሰቲት ወንዝ አካባቢ፣ ገና ግልገል ሳለ። መጀመሪያ ፓሪስ፣ እ.ኤ.አ. በ1865 ለንደን ገባ። ብዙ የእንግሊዝ ልጆች ጀርባው ላይ ተቀምጠው ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1882 ለአሜሪካዊው የሰርከስ ባለቤት ለባርነም ሲሸጥ ልጆች እንዳይሸጥ ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ካናዳ ውስጥ ባቡር ገጭቶ ገደለው። ልጆችዎ ካርታ ላይ ተከዜን ያግኙ፤ ወደ ሱዳን ሲወርድ ሰቲት የሚባለው እርሱ ነው።

የፒያሳ አንባቢ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

ከጓደኞቼ ጋር ተነጋግረናል። ኦርዌል፣ «ፊሳልጎስ» ከሱረቱል ፊል ጋር በአንድ ቅዳሜ፣ ሲንቲያ ሞስ፣ ከዚያ ሮማን ጋሪ። ጋሪ ረጅም ስለሆነ ሁለት ቅዳሜ ይወስዳል። የመቅደላው ነገር ከዝሆን የሰፋ ስለሆነ ራሱን የቻለ ጉዳይ አድርገን በኋላ እንመለስበታለን። ኬቲ ፔይንን የሚችል በግሉ ያንብብ።

የኤረር ልጅ፣ እርስዎን በተለይ እንለምናለን። መጽሐፉ ከሌለ ሰዎቹ አሉ። መጥተው ይንገሩን፤ እኛ እንጽፋለን፤ ከጽሑፉ ላይ ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚወጣ እርስዎና ቤተሰብዎ ትወስናላችሁ።

የኤረር ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

እመጣለሁ። ከእኔ ይልቅ ግን አጎቴ ይሻላል። ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ እየመጣ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ያንን ሸለቆ ያውቀዋል። ዝሆኖቹን አንድ በአንድ ይለያቸዋል፤ ለአንዳንዶቹም ስም አለው። የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ እኔ አስተረጉማለሁ።

የፒያሳ አንባቢ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡55

እንግዲያውስ የመጀመሪያው ቅዳሜ የእርሳቸው ነው። ኦርዌል ይጠብቅ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጀምራለን፤ ደረጃ መውጣት የሚያስቸግራቸው ከሆነ ምድር ቤት ያለውን ክፍል እንጠይቃለን። ግዕዝ ተማሪ፣ መምህርት፣ የበኒን ሰፈር ልጅ፣ እናንተም እንድትመጡ።